«ቄስ ጥሩ» የሚባለው መቼ ነው? ለጸና በሽተኛ ንስሐ፣ ቀንዲል፣ ቁርባንና ኑዛዜ

የግቢው ዲያቆን (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። «በሽተኛው መናገር አቁሟል፣ አሁን ካህን ብንጠራ ይደርሳል?» የሚል ጥያቄ እዚህ ደጋግሞ ስለሚመጣ ነገሩን አንድ ቦታ ላይ እናሰባስበው ብዬ ነው።

በእኛ አገር ካህን በር ሲያልፍ ሰፈሩ «አበቃላቸው» ይላል። ቤተሰቡ ያንን ወሬ ፈርቶ ያዘገያል፤ ሲጠራ ደግሞ አንደበት ተይዟል፣ ጉሮሮ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲያ ካህኑ አጠገቡ ቆሞ ከመጸለይ በቀር ብዙ የሚያደርገው የለም። ንስሐ የሚናገር አፍ፣ ካልሆነም የሚነቀነቅ ራስ ይፈልጋል። ቁርባን የሚውጥ ጉሮሮ ይፈልጋል። ያዕቆብ በመልእክቱ (5፥14) «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ» ሲል ጠሪው ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ በሽተኛው ራሱ ነው። ገና መጥራት የሚችል ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ይህ የሚድን አይመስልም» ባለበት ሳምንት ይጠራ።

የተለመደው ቅደም ተከተል ንስሐ፣ ቀንዲል፣ ቁርባን ነው።

ንስሐ፦ ካህኑ ሲገባ ቤተሰብ ይውጣ። ሁላችሁም። አስታማሚዋ ልጅም ትውጣ። አብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ዘመድ አልጋውን ከቦ ቆሞ በሽተኛው ሊመልስ ሲል «ኧረ እሳቸው ማንንም በድለው አያውቁም» እያለ ይመልስለታል። በሽተኛው ልጆቹ ፊት የማይናገረው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ካህኑ ደግሞ የሰማውን ለማንም አያወጣም። መናገር ያቃተው ከሆነ ካህኑ በ«አዎ» እና በ«አይደለም» በሚመለስ ጥያቄ ይሄዳል፤ እጅ መጨበጥ ወይም ዓይን መክደን ይበቃል። ቀኖናው (ካህኑ ለንስሐው የሚያዘው ነገር) እንደ አቅሙ ነው የሚሰጠው፤ ለተኛ ሰው ስግደት አይታዘዝም፣ ምጽዋት ወይም አጭር ጸሎት ይሆናል። የንስሐ አባት ከሌለው ደግሞ ቅርብ ያለው ደብር ሄዳችሁ ንገሩ፤ «የእኔ የንስሐ ልጅ አይደለም» ብሎ የሚመልሳችሁ ካህን ሊኖር አይገባም።

የክርስትና ስም! ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ከራስጌ አስቀምጡ። ጸሎቱም ፍትሐቱም (ለሟች የሚደርሰው ጸሎት) በክርስትና ስም ነው የሚደርሰው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚያውቀው በሽተኛው ራሱ ብቻ ነው።

ቀንዲል፦ በሽተኛውን በተጸለየበት ዘይት መቀባት ነው። ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፤ ለሕሙማን እንጂ ለሙታን አይደለም። መጽሐፈ ቀንዲል ሰባት ጸሎት አለው፤ ሙሉው ሥርዓት ሰባት ካህናት ይፈልጋል፣ ሰባት ካልተገኙ ግን ባሉት ይፈጸማል። ከቤት የሚፈለገው ጥቂት ነው፦ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ንጹሕ የወይራ ዘይት (የምግብ ዘይት ተቀላቅሎ የሚሸጠው አይደለም)፣ ሰፋ ያለ ሳሕን፣ ለሰባት ፈትል የሚሆን ጥጥ፣ ጧፍ። የተረፈውን ዘይትና የተቀባበትን ጥጥ ካህኑ የሚሆነውን ሳይነግራችሁ እንዳትጥሉ።

ቁርባን፦ ሥጋ ወደሙ አያድርም፣ የሚሰጠው በዚያው ዕለት ከተቀደሰው ነው። ስለዚህ ከደብሩ ጋር ቀን መቁረጥ ያስፈልጋል። በጾም ወራት ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ በሽተኛውን እስከዚያ ባዶ ሆድ ማቆየት ይከብዳል። ቅዳሜና እሑድ ግን በጾምም ቢሆን በጠዋት ነውና ለበሽተኛ እነዚህን ምረጡ። የሚያስታውከው ከሆነ ለካህኑ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ማስታወክ ያልቆመለት ሰው በዚያ ቀን አይቆርብም።

ስለ ኑዛዜና ስለ ቀብር የምታውቁ ጨምሩበት።

ሰሎሜ

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ፦ የስኳር በሽተኛ ሆኖ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ለመቁረብ 18 ሰዓት እንዴት ይጾማል?

የግቢው ዲያቆን

18ቱ ሰዓት የጤነኛ ሥርዓት ነው፤ ለጸና በሽተኛ የንስሐ አባቱ አይቶ ያቀልለታል። የሚያቀልለው ግን ከተነገረው ነው። «ካህኑ ያዝኑብኛል» ብሎ መድኃኒት ደብቆ መውሰድ ወይም ደብቆ መተው ሁለቱም አያስፈልግም። ኢንሱሊኑን ለሚያውቁት ልተው።

ሲስተር ዘቀበና

ኢንሱሊኑ እንዳለ ተወግቶ ምግብ ከቀረ ስኳሩ ወርዶ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ከቀኑ በፊት ለሐኪሙ ተነግሮ መጠኑ ይስተካከል፤ በራስ ግምት ሙሉ በሙሉ ማቋረጥም አደጋ አለው። ሌሊቱንና ጠዋቱን በመለኪያው እዩት። ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ፣ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ካለ ወዲያው ስኳር ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትጨምሩ ወደ ሕክምና። ቁርባኑ ለሌላ ቀን ይተላለፋል፣ ነፍሱ ከወጣች ግን የሚተላለፍ ነገር የለም።

እግረ መንገዴን የአልጋውን ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በጥሩ ልብ የሚሠራ ስሕተት የሚበዛው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ፀበል። መዋጥ ላቃተው ሰው በኩባያ ፀበል ሲጋቱት ውኃው ወደ ሳንባ ይገባል። ሳል ይጀምራል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ቤተሰቡም «መንፈሱ ሲለቅ ነው» ይላል። መንፈስ አይደለም፣ መታነቅ ነው። ትንሽ ጥጥ ወይም ንጹሕ ጨርቅ በፀበሉ አርሳችሁ ከንፈሩንና የአፉን ውስጥ አርጥቡ፣ ግንባሩን ቀቡት። ይህ የአፍ ድርቀትንም ስለሚያስታግስ በየሰዓቱ ቢደረግ ጥሩ ነው። በነገራችን ላይ ፀበል ለመጠጣት መድኃኒት መጣል የቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት አይደለም፤ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ጊዜ ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ አስተምረዋል።

ሁለተኛ ሞርፊን። «ሞርፊን ከተጀመረ ሞተ ማለት ነው» የሚለው ከ«ቄስ ከተጠራ ሞተ» ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። በሐኪም ትእዛዝ በልክ የሚሰጥ ሞርፊን ሕመምንና የትንፋሽ ጭንቀትን ይቀንሳል እንጂ ሰው አይገድልም። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይታዘዛል፤ ሕመሙ እስኪመለስ ጠብቆ መስጠት ትልቁ ጥፋት ነው፣ ምክንያቱም አንዴ ያገረሸ ሕመም ለመመለስ ከባድ ነው። የሆድ ድርቀት ማምጣቱ አይቀርም፤ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን እንቅልፍ ያበዛል፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይቀላል። ካህን የሚመጣ ከሆነ መድኃኒቱ ሠርቶ ሕመሙ ሲበርድ፣ አእምሮውም ንቁ ሲሆን ያለውን ሰዓት ለዩ። ሕመም ያንገበገበው ሰው ኃጢአቱን አያስብም፤ የሚያስበው ሕመሙን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ይህን በትልቅ ፊደል ጻፉልኝ፦ ኦክስጅን ባለበት ክፍል ጧፍ፣ የቀንዲሉ መብራት፣ የዕጣን ፍም አይግባ። ሲሊንደሩ ተዘግቷል ብላችሁም ወዲያው አትለኩሱ፤ አልጋ ልብሱና ነጠላው ኦክስጅን ይዞ ይቆያል፣ ጋቢ ደግሞ ጥጥ ነው፣ ብው ይላል። የቀንዲሉ ጸሎት በሌላ ክፍል ተደርጎ ዘይቱን ብቻ ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ ካህኑን ጠይቁ። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ዕጣኑ ራሱ ጭንቅ ነው።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ምልክቶች፦ ምግብ መተው፣ እጅና እግር መቀዝቀዝ፣ ጉልበት አካባቢ ቆዳው መዥጎርጎር፣ ትንፋሽ ቆም እያለ መቀጠል፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚንኮራኮር ድምፅ። ድምፁ የሚያስፈራው ሰሚውን ነው፤ በጎኑ አስተኙት፣ ይቀንሳል። ምግብ እምቢ ያለውን አታስገድዱ፤ ስላልበላ አይደለም የሚሞተው፣ እየሞተ ስለሆነ ነው የማይበላው። መስማት ግን እስከ መጨረሻው ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የቀብር ወጪ አልጋው አጠገብ አታስሉ።

የግቢው ዲያቆን

ሲስተር፣ እጅዎ ይባረክ። የኦክስጅኑን ነገር ብዙ ካህናትም አያውቁትም።

መስማት እስከ መጨረሻ ከቆየ የሚነበበው ነገር ይምጣ። ዳዊት 22 («እግዚአብሔር እረኛዬ ነው»፣ በሌላው ቁጥር 23 የሚባለው)፣ 50፣ 90፣ 120፤ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 እና 14፤ ከ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15፤ የስምዖን ጸሎት ከሉቃስ 2፥29። ውዳሴ ማርያም የለመዱ ከሆኑ የዕለቱን። ቀስ ብሎ፣ በአንድ ሰው ድምፅ፣ በዝቅታ። ግዕዙን በቃላቸው የሚያውቁ ከሆነ በግዕዝ ጀምሩላቸው፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ «አቡነ ዘበሰማያት» ላይ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል።

የመካነ ኢየሱስ ልጅ

ወገኖች ሰላም። በወንጌላውያን በኩል ቀንዲልና ፍትሐት የለንም፤ ተስፋውን የምንጥለው ክርስቶስ አንድ ጊዜ በፈጸመው ሥራ ላይ ነው (ሮሜ 8፥38-39፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥8)። ለሞተ ሰውም አንጸልይም፤ ሥራው ሁሉ ያለው ሰውየው በሕይወት እያለ ነው ማለት ነው። ስለዚህ «ቀድማችሁ ጥሩ» የሚለው ለእኛ ይብሳል እንጂ አያንስም።

በእኛ ቤት የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። የጸሎት ቡድን ይመጣል፣ 10 ሰው ክፍሉን ይሞላል፣ 2 ሰዓት በታላቅ ድምፅ ይጸለያል፣ ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «ጌታ ተናግሮኛል፣ አትሞትም!» ይላል። ፈውስን መለመን የተፈቀደ ነው፣ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቃል የታመመውን ሰው አፍ ይዘጋል። ከሚስቱ ጋር ሊሰነባበት ቢፈልግ «እምነት ጎደለው» ይሉታል። ልጆቹን ጠርቶ ሊመርቅ ቢፈልግ «ክፉ አትናገር» ይሉታል። ሲሞት ደግሞ ጥፋቱ የእሱ እምነት ይሆናል። ይህ ግፍ ነው። ሕዝቅያስ እንኳ 15 ዓመት የተጨመረለት መጀመሪያ «ትሞታለህና ቤትህን አስተካክል» ከተባለ በኋላ ነው (2ኛ ነገሥት 20)።

የሚሻለው፦ 2 ወይም 3 ሰው፣ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ፣ ተቀምጦ (ከላይ ቆሞ ወደ ታች እያዩ መጸለይ ያስጨንቃል)፣ አንድ ክፍል ንባብ፣ የሚወደውን አንድ መዝሙር በለስላሳው። ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ «ልትነግረን የምትፈልገው ነገር አለ?» ከጠየቁ በኋላ ዝም ማለት። ዝም ማለት ያቅተናል፤ እዚያ ላይ ነው የሚናገረው። የጌታ እራት ከፈለገ መጋቢውን በቶሎ ጥሩ፤ መዋጥ ካቃተው ኅብስቱ በጽዋው ረጥቦ ትንሽ ብቻ ይሰጠዋል።

አንድ ታዛቢ

ለሞተ ሰው የማይጸለይ ከሆነ ታዲያ አብርሃም…

የመድረኩ አስተባባሪ

ስለ ፍትሐት ያለው ክርክር የራሱ ክር አለው፣ እዚያ ቀጥሉ። ይህን ክር ለተግባሩ እንተወው።

ሕግ ተማሪ ነበርኩ

«ኑዛዜ» የሚለው ቃል በአማርኛ ለሁለቱም መዋሉ ደስ ይላል፤ ለካህን የምንናዘዘውም ለወራሽ የምንናዘዘውም አንድ ስም አለው። አንደኛውን አድርጎ ሁለተኛውን የረሳ ሰው ልጆቹን ፍርድ ቤት ያገናኛቸዋል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ያውቃል።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ (አንቀጽ 881)፦ ተናዛዡ ወይም እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፈዋል። በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያው ይፈርማሉ ወይም በጣት ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ (882)። ብዙ ኑዛዜ የሚፈርሰው በይዘቱ አይደለም፤ «በአራት ምስክሮች ፊት ተነቧል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ስለተረሳች ነው። ወይም አንዱ ምስክር «ነገ መጥቼ እፈርማለሁ» ብሎ ስለሄደ።

በራስ ጽሕፈት የሚደረግ (884)፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ የተነገረበት፣ ቀንና ፊርማ ያለው። ምስክር አይፈልግም። ሆኖም በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ይፈርሳል (903)።

የቃል ኑዛዜ (892 እና 893)፦ በ2 ምስክሮች ፊት፣ እጅግ የተወሰነ። ስለ ቀብር ሥርዓቱ፣ ስለ ሕፃናት ልጆቹ ሞግዚት፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ። ቤት በቃል አይናዘዙም! 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ምን እንደሚገዛ እናንተው አስቡት፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር ከኖረም ይፈርሳል (902)።

ሌላም አለ። ባለትዳር የሚናዘዘው የግል ንብረቱንና ከጋራው ድርሻውን ብቻ ነው፤ «ቤቱን ለታላቁ ልጄ» ብሎ የሚስትን ግማሽ መስጠት አይቻልም። ልጅን ከውርስ ለመንቀል በግልጽ መናገርና ምክንያቱን መጻፍ ግድ ነው፤ ስሙን ዝም ብሎ መዝለል መንቀል አይሆንም። ምስክር የሚሆነው ሰው ከውርሱ የሚያገኝ ባይሆን ይመረጣል። በመጨረሻው ሕመም ጊዜ መንፈሳዊ አገልግሎት የሰጠ ካህን ወይም ያከመ ሐኪም ከኑዛዜው ተጠቃሚ ከሆነ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። ለደብሩ መስጠት የፈለገ ሰው ለደብሩ ብሎ በስሙ ይጻፍ፣ ለካህኑ አይስጥ።

እና እባካችሁ፣ የሐኪም ወረቀት አያይዙ። ተናዛዡ በዚያ ቀን አእምሮው ንቁ እንደነበር የሚገልጽ የአንድ መስመር ማስረጃ ብዙ ክስ ያስቀራል።

ሰሎሜ

በስልክ ድምፅ ቢቀዳስ?

ሕግ ተማሪ ነበርኩ

ቅጂው ብቻውን ከሦስቱ አንዱንም አይተካም። የመናገር አቅም ካለ ያንኑ የሚናገረውን ጻፉት፣ 4 ጎረቤት ጥሩ፣ አንብቡት፣ ያስፈርሙ። ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

የእድር ጸሐፊ

እኔ ከትንፋሹ መቆም በኋላ ያለውን ልጨምር።

ሰዓቱን ጻፉ። ዓይኑን ወዲያው ክደኑ፣ አገጩን በለስላሳ ጨርቅ ከሥር ወደ አናት እሰሩ፣ እጅና እግሩን አቃኑ። ሰውነት መድረቅ የሚጀምረው ከመንጋጋና ከአንገት ነው፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፤ «ካህኑ ይምጣና» ብላችሁ ከቆያችሁ አፉ ተከፍቶ ይቀራል፣ ከዚያ ማስተካከል ሬሳውን ማንገላታት ነው። ቀለበትና ሐብል አሁን ይውጣ፣ ሁለት ሰው እያየ።

ገናዦች (ሬሳ አጥበው የሚከፍኑት) ሲመጡ ሙቅ ውኃ፣ ነጭ አቡጀዲና ክር ይፈልጋሉ። ሬሳው ታጥቦ አውራ ጣቶቹ ይታሰራሉ፣ የእጁም የእግሩም፣ ከዚያ በነጩ ይከፈናል። አቡጀዲውን አሳንሳችሁ አትግዙ፤ ለትልቅ ሰው ተርፎ መጠቅለል አለበት። መቃብር ውስጥ ራስጌው ወደ ምዕራብ ይሆናል፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፤ ጌታ ከምሥራቅ ሲመጣ ተነሥቶ እንዲቀበለው ነው። ቆፋሪዎቹ አዲስ ከሆኑ አስቀድማችሁ አሳዩዋቸው፣ ተገላብጦ የተቆፈረ አይጠፋም። ፍትሐቱ ከቤት እስከ መቃብር ሰባት ቦታ እያረፈ ነው የሚደርሰው፤ በከተማ በመኪና ስለሚኬድ አብዛኛው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ይጠቃለላል።

አሁን ወረቀት። ደብሩ የሰበካ ጉባኤ አባልነት ደብተር ይጠይቃል። የወራት ውዝፍ ካለበት ሬሳ ደጅ ላይ ሆኖ ሒሳብ ይጀመራል፣ የሚያሳፍር ነገር ነው። ሰውየው በሕይወት እያለ ክፈሉ። እድር ላይ ደግሞ «እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው» ያለ ሁሉ እናቱን አስመዝግቧል ማለት አይደለም። የቤተሰብ ዝርዝሩ ላይ ስሟ ከሌለ ድንኳኑና ወንበሩ በይሉኝታ ይመጣል፣ ገንዘቡ ግን አይከፈልም። ዛሬውኑ ጸሐፊያችሁን ጠይቁ።

የሞት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ነው፣ ወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት። ሐኪም ቤት የሞተ ከሆነ የሐኪም ቤቱን ማስረጃ ሳትይዙ ሬሳውን አታውጡ፤ ተመልሶ ማውጣቱ አድካሚ ነው። ያለ ምስክር ወረቀቱ የወራሽነት ማረጋገጫም የባንክ ሒሳብም አይንቀሳቀስም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ በኩል ያለውን ባጭሩ።

ሰውየው በሕይወት እያለ ስለ ሕክምናው የሚወስንለትን ሰው በጽሑፍ ይሰይም፤ ቅጹ በየግዛቱ ይለያያል፣ ሆስፒታሉ በነጻ ይሰጣል። ካልተሰየመ አምስት ልጅ አምስት ሐሳብ ይዞ ይመጣል፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሰው ደግሞ መሐል ይሰቀላል። ማሽን አለመፈለግ ራስን ማጥፋት አይደለም፤ በሽታው ነው የሚገድለው። ውሳኔው ከንስሐ አባት ጋር ተነጋግሮ ቀድሞ ቢጻፍ ግን ልጆቹ ከጸጸት ይድናሉ። ሆስፒታል ሲገቡ ሃይማኖት የሚሞላበት ቦታ ላይ «ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ» ብላችሁ አጻፉ፣ የካህኑን ስልክ ጨምሩ፤ ዝም ካላችሁ ሌላ ካህን ሊመጣ ይችላል።

ማቃጠል በእኛ ቤተ ክርስቲያን የለም። አንዳንድ የቀብር ድርጅቶች ግን ዋጋው ስለሚያንስ ያቀርቡታል፣ ቋንቋ ያልገባው ቤተሰብ ፈርሞ ይወጣል። «መሬት ውስጥ ቀብር ብቻ» ብላችሁ በጽሑፍ ስጡ። አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ የሚያስፈልገው በጥቅሉ፦ የተረጋገጠ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ሬሳው በመድኃኒት እንዳይፈርስ የተደረገበት ማስረጃ፣ ተላላፊ በሽታ እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የማጓጓዣ ፈቃድ፣ የሟቹ ፓስፖርት፣ የኤምባሲው ማረጋገጫ። ኤምባሲው ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው፤ ዓርብ ማታ የሞተ ሰው ሰኞን ይጠብቃል፣ ስለዚህ «ለማክሰኞ ቀብር» ብላችሁ አገር ቤት ድንኳን አታስተክሉ።

ከሪያድ

ሳውዲ ላለን ደግሞ ቄስ የሚጠራበት ቤተ ክርስቲያን የለም ብላችሁ አስቡ። የክርስትና ስም፣ የቤተሰብ ስልክ፣ የንስሐ አባት ስልክ በትንሽ ወረቀት ከመታወቂያው ጋር ይያዝ። ከንስሐ አባት ጋር በስልክ መነጋገር መጽናኛ ነው፣ ንስሐና ፍትሐት ግን የካህንን እጅ ይፈልጋሉና አገር ቤት ለሚደረገው ስሙ ይድረስ።

ሰሎሜ

ከሞት በኋላ የሚወጣው ተዝካር፣ አርባው ለምን አርባ ሆነ? ሰማንያውስ?

የግቢው ዲያቆን

በሣልስት ጌታ በሦስተኛው ቀን መነሣቱን እናስባለን። በሰባት፣ ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ 7 ቀን ማልቀሱን (ዘፍጥረት 50፥10)። በሠላሳ፣ እስራኤል ለሙሴ 30 ቀን ማልቀሳቸውን (ዘዳግም 34፥8)። አርባና ሰማንያው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ነው፦ አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የምንጠመቀውም በዚሁ ነው፤ ስለዚህ አርባው ወደ መጀመሪያው ጥምቀት ያመለክታል። ከዚያ መንፈቅ፣ ዓመት፣ ሰባት ዓመት።

ተዝካር ማለት ግን መታሰቢያ ማለት እንጂ ድግስ ማለት አይደለም። ጸሎቱና ቅዳሴው ነው ዋናው፣ ከዚያ ለነዳያን የሚሰጠው። ጠላና በሬ ሰፈሩ የጨመረው ነው። ተበድሮ ተዝካር ማውጣት ሟቹንም አይጠቅም፣ የቀረውንም ያስርባል። «ተዝካሬ ላይ አትበደሩ» ብሎ ኑዛዜው ላይ የሚጽፍ ሰው ለልጆቹ ትልቅ ነገር አደረገ።

ልቅሶውንም በዚያው ልጠቁም። ሐዋርያው «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» አለ (1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13)፤ እንዳታዝኑ ብሎ አላቆመም። ጌታም አልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል። ፊት መንጨትና ደረት መድቃት ነው ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው። ለቅሶ አትከልክሉ፣ በተለይ ወንዶችን።

አንድ ታዛቢ

በሰሙነ ሕማማት የሞተ ሰው ፍትሐት የለውም ይባላል። ታዲያ ዓርብ ስቅለት ዕለት ቢያርፍ ምን ይሆናል? እስከ ትንሣኤ ይቆያል?

የግቢው ዲያቆን

አይቆይም፣ ይቀበራል። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ ሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ግንዘቱ (የፍትሐት መጽሐፉ) ይነበባል፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘንባባ ይዞ የቆመው ሰው ሁሉ፣ ልጁም ሽማግሌውም፣ በሕይወቱ ሳለ ፍትሐቱን ይሰማል። ስለዚህ በሽተኛው መንቀሳቀስ የሚችል ከሆነ ሆሣዕና ዕለት በወንበርም ቢሆን ውሰዱት፤ ሰዉ ዘንባባውን ተቀብሎ ስለሚበተን ግን እስከ መጨረሻው እንዲቆይ ለሚገፋው ልጅ ቀድማችሁ ንገሩት።